የዜግነት አማላጆች

በአገራችን ልማድ ጉዳይ ያለው ሰው ወደ ሹም ደጅ ብቻውን አይሄድም፤ አማላጅና ዋስ፣ ከተቻለውም ነገር ዐዋቂ ጠበቃ ይዞ ይቀርባል። የአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ግን በ1790 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያውን የዜግነት ሕግ ባወጡ ጊዜ አመልካቹ አማላጅ ያስፈልገዋል ብለው አላሰቡም ነበር፤ ነጻ የሆነ ነጭ መጻተኛ በአገሪቱ 2 ዓመት መቀመጡንና ጠባዩ የተመሰገነ መሆኑን መዝገብ ላለው ለማንኛውም ፍርድ ቤት አስረድቶ ቃለ መሐላ ሲፈጽም ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበርና። ዘመኑ በ1795 ወደ 5 ከፍ አለ፤ በ1798 ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ይነሣል የሚል ሥጋት ባየለ ጊዜ ወደ 14 ዘለለ፤ በ1802 ወደ 5 ተመልሶ እስከ ዛሬ በዚያው ጸና። የ1795ቱ ሕግ የመኳንንት ማዕርግ ያለው ሰው ከመሐላው አስቀድሞ ማዕርጉን በግልጽ እንዲተው ያዝዝ ነበር፤ ይህ ትእዛዝ ዛሬም ስላልተሻረ፣ አንድ ደጃዝማች ዜግነት ሊጠይቅ ቢቀርብ ደጃዝማችነቱን በዚያው በመሐላው ስፍራ ማውረድ ግድ ይሆንበታል።

ሕጉ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ ረዳቱ ሳይጠራ መጣ። በኒው ዮርክ ከተማ ታማኒ ሆል የሚባለው የዴሞክራት ፓርቲ ማኅበር፣ ከአየርላንድና ከጀርመን በመርከብ የሚወርደው ሕዝብ ዜጋ በሆነ ማግሥት የምርጫ ድምፅ እንደሚሆን ስለ ተረዳ፣ ስደተኛውን የሚቀበልና ስሙን የሚመዘግብ ጽሕፈት ቤት አቋቁሞ የፍርድ ቤቱን ክፍያ ራሱ ይከፍል ነበር። ነገሩ ጣራ የነካው ዊልያም ትዊድ ማኅበሩን በሚመራበት በ1868 ምርጫ ዋዜማ ነው። አመልካቹ ከማኅበሩ ትንሽ ካርድ ተቀብሎ ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ያቀርባል፤ የት ተወለደ፣ መቼ መጣ ብሎ አጥብቆ የሚጠይቀው የለም፤ አይቶት የማያውቅ ምስክር «ይህን ሰው ዐውቀዋለሁ፣ ጠባዩም መልካም ነው» ብሎ መጽሐፍ ስሞ ይምላል፤ ዳኛው ጆርጅ ባርናርድም በአንድ ቀን በመቶ የሚቆጠሩትን ዜጋ አድርጎ ያሰናብታል። ባርናርድ በ1872 ተከስሶ ከዳኝነት ወንበሩ ተሻረ። እኔ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ለመኰነን እጄ አይፈጥንም፤ ማንበብ ለማይችል የአየርላንድ ቀን ሠራተኛ በዚያች ከተማ ወንበር ስቦ «ተቀመጥ፣ ጉዳይህ ምንድን ነው?» የሚለው ከታማኒ ሰው በቀር ሌላ ብዙም አልነበረምና።

የአገሪቱ ምክር ቤት ይህን ማጭበርበር በጥብቅ ከመረመረ በኋላ ሐምሌ 14 ቀን 1870 ሐሰተኛ ምስክርንና ሐሰተኛ ሰነድን የሚቀጣ ሕግ አወጣ፤ በዚያው ሕግ በ7ኛው ክፍል ደግሞ አፍሪካ የተወለዱና ከአፍሪካ ዘር የመጡ ሰዎች ዜግነት ለመጠየቅ እንዲችሉ ፈቀደ። የማሳቹሴትሱ ሴናተር ቻርልስ ሳምነር «ነጭ» የሚለው ቃል ከሕጉ ጨርሶ እንዲፋቅ ቢሟገትም፣ ቻይናውያን ይገቡብናል የሚለው ፍርሃት ስለ በረታ አልተሳካለትም። እንግዲህ ለጥቁር ሕዝብ የተከፈተው በር፣ የኒው ዮርክን ሌቦች ለመቅጣት በተጻፈ ሕግ ጅራት ላይ ተንጠልጥሎ የመጣ መሆኑ ነው፤ የእስያ ሰው ግን ከበሩ ውጭ ቀረ።

በውጭ ከቀሩት መካከል የታካዎ ኦዛዋ ነገር ከሁሉ ይልቅ ይደንቀኛል። ይህ ጃፓናዊ ገና በወጣትነቱ ወደ ካሊፎርኒያ መጥቶ በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ በኋላም በሃዋይ ተቀምጦ በ1914 የዜግነት ማመልከቻ አቀረበ። ጠበቃ ሳይዝ፣ የሕግ መጻሕፍትን ራሱ መርምሮ፣ ክርክሩን በገዛ እጁ ጻፈ፤ በቤቱ እንግሊዝኛ እንደሚነገር፣ ልጆቹ በአሜሪካ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት እንዳደጉ፣ መጠጥም ትንባሆም ቁማርም እንደማያውቅ ዘረዘረ። የበታቹ ፍርድ ቤት በጠባዩ አንዳች ነቀፋ ሳያገኝበት ነጭ አይደለህም ብሎ መለሰው። ነገሩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ብቻውን አልነበረም፤ በፕሬዚዳንት ታፍት ዘመን የመንግሥቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበረው ጆርጅ ዊከርሻም፣ በዚያን ጊዜ ከአገሪቱ አንደበተ ርቱዓን ጠበቆች አንዱ፣ ቆመለት። ኅዳር 13 ቀን 1922 በተሰጠው ውሳኔ ግን ተረታ። ውሳኔውን የጻፈው ዳኛ ጆርጅ ሰዘርላንድ ራሱ በእንግሊዝ አገር ተወልዶ ሕፃን ሳለ የመጣ ሰው ነበር። 3 ወር ብቻ ቆይቶ፣ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለው ሕንዳዊ ባጋት ሲንግ ቲንድ በዚያው ዳኛ ብዕር ተመሳሳይ ፍርድ አገኘ። በር በሕግ ከተዘጋ የጠበቃ ብልሃት እንደማይከፍተው ከነዚህ ሁለት ሰዎች የበለጠ ምስክር አላውቅም።

ከድምፅ ለቃሚውና ከታላቁ ጠበቃ ሌላ ሦስተኛ ዓይነት ረዳት በዝግታ እየበቀለ ነበር። በ1876 በኒው ዮርክ የሚኖሩ ጀርመኖች ደመወዙን ለተከለከለና በወደቡ አታላዮች ለተዘረፈ ወገናቸው በነጻ የሚሟገት ማኅበር አቆሙ፤ በ1890 አመራሩን የያዘው አርቱር ፎን ብሪዘን፣ እርሱም ከጀርመን የመጣ ጠበቃ፣ በሩን ለማንኛውም ድኻ ከፈተው፤ ዛሬም ያ ማኅበር በኒው ዮርክ ይሠራል። በ1908 ደግሞ በቺካጎ ስደተኞችን የሚጠብቅ ማኅበር ተመሥርቶ ግሬስ አቦት የምትባል ብርቱ ሴት መራችው። የእነዚህ ማኅበሮች ሥራ እየከበደ የሄደው በ1906 በወጣው ሕግ ምክንያት ነው፤ በየፍርድ ቤቱ እንደ ልማዱ ይጻፍ የነበረው ማመልከቻ በአንድ ቅጽ ተወሰነ፣ ግልባጩ ወደ ዋሽንግተን እንዲላክ ታዘዘ፣ አመልካቹም እንግሊዝኛ እንዲናገር ግዴታ ሆነበት። የቋንቋው ግዴታ የአሜሪካ ብቻ አይደለም፤ የእኛም የ1930 የዜግነት ሕግ ለባዕድ አመልካች 5 ዓመት መቀመጥንና አማርኛ አጥርቶ መናገርንና መጻፍን አዝዞ ነበር።

በአሜሪካ የዘር ማገጃው የተነሣው በ1952 ሕግ ነው። አንድ ነገር ግን ያኔም ዛሬም አልተለወጠም፤ ዜግነት ጠያቂ ጠበቃ ለማቆም መብት አለው፣ መንግሥት ግን ጠበቃ አይገዛለትም። ይህን ጉድለት በጥቂቱ የሚሞላው፣ የጠበቃ ፈቃድ ባይኖራቸውም ለትርፍ ባልቆሙ ማኅበሮች ውስጥ ሠልጥነው በፍትሕ ሚኒስቴር የታወቁ ወኪሎች ስለ አመልካቹ እንዲቀርቡ የሚፈቅደው ደንብ ነው። የስደተኞች ሕግ በ1980 ከወጣ በኋላ ከሱዳን መጠለያዎች የመጡት ወገኖቻችን በረከቱ፤ በ1983 በአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ፣ በዶክተር ጸሐየ ተፈራ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤትም የስደተኛን ጉዳይ ከያዙት ማኅበሮች አንዱ ሆነ።

የእኛን ሰው ዶሴ የያዘ ወኪል ሥራው ቀላል አይደለም። አንዲት እናት ልደታቸውን በኢትዮጵያ ዘመን ብቻ ያውቃሉ፤ በመጠለያው የመዘገባቸው ሰው ግን ጥር 1 ብሎ ጽፎላቸዋል፤ የአባታቸው ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለ ገባ ከገዛ ልጃቸው ጋር ስማቸው አይገናኝም፤ ፓስፖርቱ ላይ አንድ ፊደል ትርፍ አለ። «እማማ፣ አዲስ አበባ ስንት ጊዜ ሄዱ? መቼስ ተመለሱ?» ሲባሉ «እኅቴ ታማ ክረምቱን አሳለፍኩ፣ ከመስቀል በኋላ ነው የመጣሁ» ይላሉ፤ ወኪሉም የክረምቱን ወራት ወደ ፈረንጅ ቀን መልሶ ከፓስፖርቱ ማኅተም ጋር ያመሳክራል፣ ከ6 ወር ያለፈ ቆይታ 5ቱን ዓመት ተቋረጠ ሊያሰኝ ይችላልና። በጉርብትና ወይም በሱቅ ውስጥ ተቀምጦ «ፎርም እሞላለሁ» የሚል ሰው ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ ባዶውን ቦታ ሁሉ «አይ» በሚል ቃል ይሞላዋል፤ ሐሰቱ የተገኘ ጊዜ የሚጠየቀው ግን ፈራሚው ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው የድምፅ ነገር ነው። በ1993 በወጣው ሕግ መሠረት በብዙ ግዛቶች መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው በዚያው መስኮት ለመራጭነት መመዝገብ ይፈልግ እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ እንግሊዝኛው ያልጠራለት ባለ ግሪን ካርድ «እሺ» ብሎ ይፈርማል። በ1996 የወጣው ሕግ ደግሞ ዜጋ ሳይሆን ዜጋ ነኝ ማለትን ከአገር ሊያስወጣ የሚችል በደል አደረገው። በ1868 መጻተኛውን ጎትቶ ወደ ፍርድ ቤት ያስገባው የድምፅ ወረቀት ዛሬ ከደጅ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህም ጥንቁቅ ጠበቃ የመራጮችን መዝገብ፣ የፖሊስንና የፍርድ ቤትን ወረቀት ሳያስመጣ ማመልከቻ አያስገባም፤ አንዳች ነውር ካገኘም ባለጉዳዩ ግሪን ካርዱን በየ10 ዓመቱ እያሳደሰ እንዲቀመጥ፣ ማመልከቻውንም ለጊዜው እንዲያቆየው ይመክራል።