የሚያመልጥ ግፊት፤ ከጋፋት መድፍ እስከ ደብረ ታቦር ዳገት ሞተር

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ ተጓዡን ከጣና ዳር ሜዳ ወደ ደጋው ከ800 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወስደዋል። በዚህ ዳገት ላይ ከባድ ጭነት የያዘ መኪና ከኋላው ሰማያዊ ጭስ እየተፋ፣ የሞተሩም መተንፈሻ የዘይት ጉም እየረጨ ሲያቃስት ያየ ሰው ብዙ ነው። ሾፌሩ ብዙ ጊዜ «ቱርቦው ሞቷል» ብሎ ይፈርዳል። ቱርቦው በብዙ ገንዘብ ተገዝቶ ይለወጣል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ጭሱ ይመለሳል።

ከዚሁ ከተማ አጠገብ ጋፋት የሚባለው ስፍራ ይገኛል። ስሙ የጋፋትን ሕዝብና ዛሬ የሚናገረው የሌለውን የጋፋት ቋንቋ ያስታውሳል፤ በታሪካችን ግን ይበልጥ የታወቀው ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት ስፍራ በመሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ነገሮች አገናኝተን ለባልደረቦቻችንና ለመምህራኖቻችን ለማቅረብ እንሞክራለን። የምናገናኛቸው በአንድ መንገድ ዳር በመገኘታቸው ብቻ አይደለም። የመድፉም የሞተሩም ችግር በአንድ ጥያቄ ሊጠቃለል ስለሚችል ነው፤ ይኸውም የታመቀው ግፊት በየት በኩል አመለጠ? የሚለው ነው። የአገራችንን ዓመታት በኢትዮጵያ አቈጣጠር፣ የውጭ አገሩን ግን እ.ኤ.አ. እያልን እንጽፋለን።

ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ ዋና ሐሳባቸው አገሩን አንድ ማድረግ ነበር፤ ለዚህም ጠመንጃና መድፍ አስፈላጊ መሆኑን ተረድተው ነበር። ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የተላኩ ሚስዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ከቀዳሚዎቹ ናቸው፤ ቫልድማየርና ዛልሙለር በኋላ በ1851 ዓ.ም. ደረሱ። እነዚህ ሰዎች የመጡት ወንጌልን ለማስተማር ነው፤ የእጅ ሥራ ያውቁ ስለነበር ግን ንጉሠ ነገሥቱ በጋፋት አስቀምጠው መንገድና ሠረገላ አሠሯቸው። ፖላንዳዊው ሞሪትስ ሆልና ፈረንሳዊው ቡርጎ የመሳሰሉ ባለሙያዎችም አብረዋቸው ነበሩ።

ከዚያም መድፍ እንዲያፈሱ ታዘዙ። ሚስዮናውያኑ ይህን ሥራ አናውቀውም ብለው መለሱ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን «አናውቅም» ማለታቸው «እንቢ» ማለት መሰላቸው፤ ስለዚህ እሺ እስኪሉ ድረስ አገልጋዮቻቸው እንዲታሰሩ አደረጉ። ሠራተኞቹም ሳይወዱ በግድ እንሞክር አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ፤ እየደጋገሙ ከሞከሩ በኋላ ግን ማፍሰሱ ተሳካ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጅግ ተደስተው ሸለሟቸው።

እዚህ ላይ አንባቢን ቆም እንዲል እንጠይቃለን። በመጀመሪያው ሙከራና በተሳካው ሙከራ መካከል የተለወጠው ምንድን ነው? ሰንሰለት የሰዎቹን ፈቃድ ሊለውጥ ይችላል፤ የእቶኑን ባሕርይ ግን አይለውጥም። መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ነሐስ ቆርቆሮ ስላለበት ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀልጣል። ወደዚህ ሙቀት ለመድረስ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው በቂ አየር ነው፤ ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ግድም ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው፤ ወናፉም በእያንዳንዱ ንፋት የሚያገባው ኦክሲጅን በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሁለተኛው እሳቱን የሚችል የእቶን ዐፈር ነው፤ ዐፈሩ ከነሐሱ ቀድሞ ከለሰለሰ እቶኑ ራሱን ይበላል። ሦስተኛው ፈጽሞ የደረቀ መቅረጫ ነው፤ በመቅረጫው ውስጥ ጥቂት እርጥበት ቢቀር የቀለጠው ብረት ሲነካው ወደ እንፋሎት ይለወጥና መውጫ ሲያጣ ወይ መድፉን ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል፣ ወይም ብረቱን መልሶ ይረጨዋል። የመድፍ አፍሳሾች በመቅረጫው ላይ የጋዝ መውጫ የሚያበጁት ስለዚህ ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛው እንደ ጐደለ የሚለየው በምርመራ እንጂ በቍጣ አይደለም።

መድፉ ከተፈሰሰ በኋላም ሌላ የማምለጫ ችግር አለ። በዚያ ዘመን የነበሩ ልሙጥ መድፎች አረራቸው ከመድፉ ሆድ ጠበብ ያለ ነበር፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ መድፎች ልዩነቱ የአረሩ ስፋት አንድ ሃያኛ ያህል ነበር። ባሩዱ ሲነድ ከሚወለደው ጋዝ ከፊሉ በዚህ ክፍተት በአረሩ ዙሪያ ሾልኮ ይወጣል። ክፍተቱ ሲሰፋ ባሩዱ ይባክናል፣ አረሩም ይደክማል፤ እጅግ ሲጠብ ደግሞ አረሩ በዝገትና በጥቀርሻ ተይዞ መድፉን ሊያፈነዳው ይችላል። እንግዲህ ክፍተቱ በልክ መሆን አለበት፤ ልክ ደግሞ የሚገኘው ሆዱን አስተካክሎ በመቦርቦር ነው።

የመድፍ ታሪክ ከሞተር ታሪክ ጋራ የሚገናኘው በዚሁ ነጥብ ነው። ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ሲሠራ እንፋሎቱ በፒስቶኑና በሲሊንደሩ መካከል እየሾለከ አስቸግሮት ነበር። ጆን ዊልኪንሰን የሚባለው ብረት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1774 ለመድፍ መቦርቦሪያ የፈጠረው ዘዴ መንገዱን ከፈተለትና በትክክል የተቦረቦረ ሲሊንደር ዋት እጅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1852 ደግሞ ጆን ራምስበተም የሚባለው የእንግሊዝ የባቡር መሐንዲስ ተወጥሮ ሲሊንደሩን የሚጫነውን ብረት ቀለበት አስመዘገበ። ጋራዦቻችን ዛሬ ፋሻ የሚሉት የፒስቶን ቀለበት ከዚህ የመጣ ነው። ጊዜውን ስናስተውል ቀለበቱ የተፈጠረው ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። አልፍሬድ ቡኪ የተባለው የስዊስ መሐንዲስም በጭሱ ኃይል እየዞረ አየርን ወደ ሞተር የሚያምቀውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1905 አስመዘገበ፤ እርሱም ቱርቦ ነው። ቱርቦ ለሞተር የሚያደርገው ወናፍ ለእቶን የሚያደርገውን ነው፤ ለደጋ አገር እጅግ የተመቸውም ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ብዙ አየር ብዙ ግፊትን ያመጣል። በሲሊንደሩ ውስጥ ግፊቱ ሲጨምር ከፋሻው ጥግ እየሾለከ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚወርደው ጋዝም ይጨምራል። ጤነኛ ሞተርም ቢሆን ጥቂት ያሾልካል፤ ለዚህ ነው መተንፈሻ የተሠራለት። ፋሻው ሲያልቅ ወይም መተንፈሻው ሲደፈን ግን በሆዱ ውስጥ ግፊት ይከማቻል። የቱርቦው ዘይት ወደ ሞተሩ ሆድ የሚመለሰው በራሱ ክብደት እየወረደ ስለሆነ ከታች ግፊት ሲገጥመው መውረድ አቅቶት በቱርቦው ዘንግ ዙሪያ ወደ አየሩ ወይም ወደ ጭሱ መንገድ ይወጣል። ስለዚህ ዘይት የሚያንጠባጥብ ቱርቦ ሁሉ የታመመ ቱርቦ አይደለም፤ አንዳንዱ የሌላውን በሽታ የሚናገር ምስክር ነው። ሞተሩ ያለ ዕረፍት በሙሉ ኃይል በሚሠራበት ጊዜ፣ በመኪና እሽቅድምድም ሜዳም ሆነ በረጅም ዳገት ላይ፣ ይህ ሁሉ ይበረታል፤ በእሽቅድምድም መኪና ላይ ደግሞ ኩርባው ዘይቱን ወደ አንድ ወገን እየገፋ ወደ መተንፈሻው አፍ ያደርሰዋል። ወደ ማቃጠያው የተመለሰው ዘይትም የቤንዚን ሞተርን ያለ ጊዜው ወደሚፈነዳ እሳት ያጋልጠዋል።

ምርመራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የዘይቱ መጠን ከልክ አለማለፉና የመተንፈሻው ቱቦ አለመደፈኑ ይታያል፤ ይህ ወጪ የለውም። ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ በሆዱ ያለው ግፊት በመለኪያ ይለካል። ከዚያ የእያንዳንዱ ሲሊንደር የማመቅ ኃይል ይመዘናል፤ በቤንዚን ሞተር ላይ ደካማ ሆኖ በተገኘው ሲሊንደር ጥቂት ዘይት ጨምሮ እንደ ገና ሲለካ ኃይሉ ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻው ነው፤ ካልተለወጠ ግን ወደ ቫልቩ ወይም ወደ ቴስታታው ጓርኒሲዮን ያመለክታል። በመጨረሻም ቫልቮቹ እንደ ተዘጉ በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀ አየር ተለቆ ጆሮ ይሰጣል፤ ድምፁ ከዘይት መሙያው ከመጣ ፋሻው፣ ከማርሚታው ከመጣ የጭስ መውጫው ቫልቭ፣ በራዲያተሩ ውኃ ውስጥ አረፋ ካስነሣ ጓርኒሲዮኑ ነው።

መድኃኒቱም ከምርመራው ይከተላል። ፋሻው ያለቀ ከሆነ ይለወጣል፤ ሲሊንደሩም ከተበላ ይቦረቦራል። ፋሻው ደኅና ሆኖ ጋዙ ግን ከበዛ መተንፈሻው ይሰፋል፣ በመንገዱም ላይ ዘይቱን ከጋዙ የሚለይ ዕቃ ይገባል። ይህ ዕቃ ያለቀ ፋሻን አያድንም፤ ምልክቱን ብቻ ይሸፍናል።

ወደ ጋፋት እንመለስና የጋፋት ሠራተኞች የሠሩትን ታላቁን መድፍ ሴባስቶፖልን እናንሣ። ስሙ በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበው ከተማ የተወሰደ ነው። በብዙ ጽሑፍ ክብደቱ 70 ቶን ነው ይባላል። አንድ ሜትር ኩብ ነሐስ 8.8 ቶን ግድም ስለሚመዝን 70 ቶን ማለት ወርዱም፣ ቁመቱም፣ ጐኑም ሁለት ሁለት ሜትር የሆነ ድፍን ነሐስ ማለት ነው፤ መድፉን ያየ ሰው ይህን ሊቀበል አይችልም። እውነተኛው ክብደት ወደ 7 ቶን ግድም ነው። እኛ የታሪክ ተማሪዎችም ሳንለካ እንደምንፈርድ ይህ ያስታውሰናል። ሰባት ቶንም ቢሆን ከመስከረም እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት መጐተቱ ሊያስደንቀን ይበቃል።

ዐፄ ቴዎድሮስ ዕውቀቱ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አልሳቱም። በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. ፍላድን ወደ እንግሊዝ የላኩት ሠራተኛና መሣሪያ እንዲያመጣላቸው ነው፤ እነዚያም ምጽዋ ድረስ መጥተው፣ የእንግሊዝ እስረኞች ባለመፈታታቸው፣ ሳይገቡ ተመለሱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሠዉ፤ የጋፋት ባለሙያዎችም ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ወጡ። ቫልድማየር ወደ ሊባኖስ፣ ሞሪትስ ሆል ወደ ያፋ ሄዱ። የትኛው ዐፈር እሳት እንደሚችል፣ መቅረጫው ስንት ቀን እንደሚደርቅ በብዙ ውድቀት የተገኘው ትምህርት ከእነርሱ ጋራ ሄደ። መድፉ ግን መቅደላ ላይ ቀረ።

የኛ አስተያየት እንግዲህ ይህ ነው። በጋፋት የከሸፈው እቶን ነበር፤ የተመረመረው ግን የሰዎቹ ልብ ነበር። በሰው ላይ የተጫነው ግፊት መድፉን አስገኝቷል፤ በግዞት የተያዘ ባለሙያ ግን በሩ ሲከፈትለት ዕውቀቱን ይዞ ይወጣል። ዛሬም በዳገቱ ላይ ጭሱን አይቶ ሳይለካ ቱርቦውን የሚለውጥ ሰው ያንኑ ስሕተት ይደግማል። ደብረ ታቦር ዛሬ የራሱ ዩኒቨርሲቲ ስላለው ተማሪዎቹ በአንድ እጃቸው የጋፋትን ታሪክ፣ በሌላው የግፊት መለኪያውን ቢይዙ፣ የከሸፈውንም ሙከራ እንደ ተሳካው ሁሉ ጽፈው ቢያስቀምጡ፣ ጋፋት ያጣው ይህ ነበርና ብዙ ይጠቅማል እንላለን። በጽሑፋችን ስሕተት ያገኘ አንባቢ ቢያርመን ደስታችን ነው።