ጦርነቱ ከየት ይጀምር?

ሰንጠረዥ ተጫዋቾች ከሺህ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩት አንድ ጥያቄ አለ፤ ጨዋታው ከየት ይጀምር? ጠጠሮቹ ዘወትር በአንድ ዓይነት አሰላለፍ ቆመው፣ ተጫዋቾቹም አንድ አንድ ጊዜ ተራ በተራ እያነሡ ብቻ ነው የሚጀመረው ብሎ የወሰነ ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ ባግዳድ አንድ መልስ ሰጥታለች። አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር ሌላ መልስ ሰጥቷል። ያገራችን አባቶችም የራሳቸው መልስ ነበራቸው። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን ብንመዝናቸው ምን እናገኛለን? (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከባግዳድ እንነሣ። ዐረቦች ከፋርስ የተቀበሉት ሰንጠረዥ እርምጃው አዝጋሚ ነበር። ዛሬ ንግሥት የምንላት ፈርዝ በሰያፍ ከአንድ ቤት በላይ አትራመድም። ፊሉ በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ከመዝለል ሌላ መንገድ የለውም። እግረኛውም ከመነሻው ጀምሮ አንድ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሁለቱ ጦሮች እስኪገናኙ ብዙ ጊዜ ይፈጅ ስለነበር፣ ሊቃውንቱ «ታቢያ» የሚሏቸውን ዝግጁ አሰላለፎች አወጡ። አንዱን «ክንፋሙ»፣ ሌላውን «ጎርፉ»፣ ሦስተኛውን «የሼኮቹ» አሏቸው። በዘጠነኛው መቶ ዓመት አል አድሊ፣ ከእርሱም በኋላ አል ሱሊ ስለነዚህ ጽፈዋል። አል ሱሊ ከ902 እስከ 908 በነገሠው በኸሊፋው አል ሙክተፊ ፊት፣ የቤተ መንግሥቱ ተወዳጅ የነበረውን አል ማዋርዲን ድል የነሣው ሰው ነው። ተማሪው አል ላጅላጅ ደግሞ (ስሙ «ተብታባው» ማለት ነው) የትኛው አሰላለፍ የትኛውን እንደሚመክት እርምጃ በእርምጃ እየተነተነ ጻፈ። ምላሱ ቢያስቸግረውም ብዕሩ አልተብታበም።

የፊሸር ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። በእርሱ ዘመን ጨዋታው አዝጋሚ ሳይሆን የታወቀ ሆኖ ነበር። ተጫዋቹ የመጀመሪያዎቹን አሥራ አምስትና ሃያ እርምጃዎች ከመጽሐፍ ሸምድዶ ይመጣል፤ ማሰብ የሚጀምረው ሽምደዳው ሲያልቅ ነው። ፊሸር በሰኔ 1996 ቦነስ አይረስ ላይ ያስተዋወቀው መፍትሔ የኋላው ረድፍ በዕጣ እንዲደረደር ነበር። ንጉሡ በሁለቱ ግንቦች መካከል ይሁን፣ ሁለቱ ጳጳሳት በተለያየ ቀለም ላይ ይቁሙ፤ ሌላው ዕጣ እንደ ወጣ ነው። እንዲህ ሲሆን 960 አሰላለፎች ይገኛሉ።

ታላላቆቹ ተጫዋቾች ግን በዚህ አልተስማሙም። ካስፓሮቭ ሐሳቡን ባይጠላም ከ960ዎቹ ጥቂቶቹ ተመርጠው ቢሠራባቸው ይሻላል ባይ ነው። ክራምኒክ አሰላለፉ ባለበት ይቆይ፣ ይልቅስ ንጉሡ ከግንብ ጋር ቦታ ተለዋውጦ መመሸጉ ይቅር አለ፤ በ2020 ከኮምፒውተር ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ዘጠኝ የደንብ ለውጦችን በማሽን አስፈተሸ። በ2019 በፊሸር አሰላለፍ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ዌስሊ ሶ ማግኑስ ካርልሰንን ረታ። በዕጣ መጀመር ሽምደዳን ይሰብራል የሚሉት ይህን ሲጠቅሱ፣ ሌሎቹ አንዳንዱ ዕጣ ነጩን ከሚገባው በላይ ያደላለታል ብለው ይሞግታሉ።

የኛስ? ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ ቢያንስ ከአፄ ልብነ ድንግል (1508–1540) ጀምሮ ይታወቃል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ የትግሬው ገዢ ራስ ወልደ ሥላሴ የጨዋታው ወዳጅ እንደነበሩ ይነግረናል። ቆንስሉ ዋልተር ፕላውደንም ደንቡን ጽፎ ትቶልናል፤ በ1971 ደግሞ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ታሪኩን አሰባስበው አወጡት። ከሁሉ የሚደንቀው መክፈቻው ነው። ስሙ «ወረራ» ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፣ እንደ ፈለጉ፣ የፈለጉትን ያህል ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ይሆናል።

ይህን ለሁለት የሰንጠረዥ ወዳጆቼ ባነሣላቸው አስተያየታቸው ለየቅል ሆነ። አንዱ «እጁ የፈጠነ ያሸንፋል እንጂ ይህማ ግርግር ነው» አለኝ። ሌላው «የለም፤ ነጭ ቀድሞ የማንሣት ጥቅሙን የሚያጣበት ብቸኛው ሰንጠረዥ ይኸ ነው» ሲል መለሰለት።

እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ። ምክንያቱም እጅ መፍጠኑ ብቻ አይበቃም። ጠላትህ ፈረሱን ወደ ቀኝ ሲያዞር አይተህ ያንተን መደቅ ወደዚያ ታስጠጋለህ፤ እሱም ያንን አይቶ አሰላለፉን ይለውጣል። ቀድመህ ብትበላ ነፃነቱ ላንተም ያከትማል፤ ጦርህ ሳይሰናዳ ብትቆይ ደግሞ እሱ ይቀድምሃል። ስለዚህ ዋናው ጥበብ መቼ እንደሚበላ ማወቁ ላይ ነው። የባግዳዱ አሰላለፍ የሊቃውንት ስምምነት ነው፤ የፊሸሩ የዕጣ ፍርድ ነው፤ የኛው ግን ሁለቱ ባላንጣዎች ዓይን ለዓይን እየተያዩ ራሳቸው የሚሠሩት ነው። ሽምደዳ እዚህ ቦታ የለውም፤ ዕጣም አያስፈልግም። አውሮፓ ዛሬ የሚፈልገውን መድኃኒት አባቶቻችን በእጃቸው ይዘውት ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

የጨዋታው ክብርም እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ንጉሥን በግንብ ወይም በፈረስ መያዝ ያን ያህል አያስመሰግንም ነበር፤ በመደቅ፣ በፊል ወይም በፈርዝ መያዝ ግን ያስከብራል። ኃይለኛ በሆነ ጠጠር ማንም ያሸንፋል፤ በደካማው ማሸነፍ ነው ሙያ።

ይህን ጨዋታ በእጁ የሚያውቀው ሰው እየተመናመነ ነው። ደንቡ በመጽሐፍ አለ፤ ደንብ ግን ጨዋታ አይደለም። ወረራው እንዴት እንደሚጋጋል፣ የትኛው አሰላለፍ በየትኛው እንደሚመከት የጻፈልን አንድ «ተብታባ» እንኳ አላገኘንም። ሁለት ሰዎች አንድ ገበታ ዘርግተው፣ ተራውን ትተው፣ የሆነውን እየመዘገቡ ቢጫወቱ ግን መጽሐፉን ከዛሬ መጀመር ይቻላል። ጠጠሮቹ በየካፌው አሉ፤ የቀረው ቀድሞ ያለመብላት ትዕግሥት ነው።