የብራና ገጽ አሠራርና የዓይን ሥርዓት



ስለ ሥዕልና ስለ ጽሕፈት ጌጥ የሚያስተምሩ ሰዎች አስቀድመው የሚጠቅሱት መሥመርን፤ ቅርጽን፤ ቀለምንና ባዶ ቦታን ነው። ቀጥለውም እነዚህ በምን አኳኋን ተዋሕደው ለዓይን እንደሚስማሙ ሲያስረዱ ሚዛንን፤ መጠንን፤ መደጋገምንና ተቃራኒነትን ያነሣሉ። አጠራሩ አዲስ ይምሰል እንጂ ነገሩ በአገራችን የቈየ ነው። የቀድሞው ጸሐፊ በዝርዝር ጽፎ ባያስቀምጥልንም፤ አንድ የብራና ገጽ ገልጦ ለተመለከተ ሰው ትምህርቱ በዚያው ላይ ተሠርቶ ይገኛል።

ሥራው የሚጀመረው በመሥመር ነው። ቆዳው ተወጥሮ፤ ተፍቆና ደርቆ ብራና ከሆነ በኋላ ጸሐፊው ቀለም ከመንካቱ በፊት ዳርና ዳሩን በወስፌ እየወጋ ምልክት ያደርጋል፤ ከምልክት እስከ ምልክትም ማስመሪያ አስደግፎ ብራናውን ሳይቀድ ይጭረዋል። ይህ መሥመር ቀለም የለውም፤ ገጹን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ላልተመለከተ ሰውም በቀላሉ አይታይም። ፊደሉን ሁሉ በሥርዓት የሚያቆመው ግን እርሱ ነው።

ጽሕፈቱ ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓምድ፤ በትልልቅ መጻሕፍት ደግሞ በሦስት ዓምድ ይወርዳል። በዙሪያው የሚተወው ኅዳግ እኩል አይደለም፤ የታችኛው ከላይኛው፤ የውጭውም ከውስጠኛው ሰፋ ይላል። አንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየሎችን ቆዳ ይፈጃልና ይህ ሁሉ ባዶ ቦታ ለቈጣቢ ሰው ብክነት ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ገጹ ሲገለጥ ጣት የሚያርፈው፤ እርማትና ማስታወሻም የሚገባው በዚያ ነው፤ የደከመ ዓይንም የሚያርፈው በዚያው ነው። ወረቀት ለመቈጠብ ሲባል ከዳር እስከ ዳር ተጨናንቆ የተጻፈ ማመልከቻ በጠረጴዛው ላይ የቀረበለት የመሥሪያ ቤት ሹም ይህን ያለ አስረጂ ያውቀዋል።

ወደ ቀለም ስንመጣ ጥቍሩ ከጥላሸትና ከተቈላ እህል ተቀምሞ የሚዘጋጅ ነው። ቀዩ የሚወጣው ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም፤ ለምዕራፍም መነሻ ነው፤ በመጽሐፍ መጀመሪያ ላይም ቀይና ጥቍር መሥመር እየተፈራረቀ ይጻፋል። ቀዩ ገጹን ሁሉ ቢሞላው ኖሮ ምንም ባላመለከተ ነበር። ኀይሉ በጥቂትነቱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሰንጠረዡ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የቂሳርያው ኤጲስ ቆጶስ አውሳብዮስ አንድ ችግር ገጠመው። አራቱ ወንጌላውያን ስለ አንድ ነገር በተለያየ ስፍራ ይናገራሉ፤ አንባቢ እንዴት አድርጎ ያገናኛቸው? አውሳብዮስ ወንጌሉን በቍጥር ለተለዩ ክፍሎች ማመሳከሪያ እንዲሆኑ 10 ሰንጠረዦች አዘጋጀ። በመጀመሪያው አራቱም የተባበሩበትን፤ በመጨረሻው እያንዳንዱ ብቻውን የተናገረውን አሰፈረ፤ የቀሩትን በመካከል ደለደለ። ይህ ሥራ ወደ አገራችን ደርሶ በዐድዋ አጠገብ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ወንጌሎች ላይ በቀለም አጊጦ ይታያል። ብራናው በዘመናዊ የካርቦን ምርመራ ሲታይ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ የተዘጋጀ ሆኖ ተገኝቷል።

በእነዚህ ገጾች ላይ ቍጥሮቹ የሚወርዱት በተሣሉ ምሰሶዎች መካከል ነው፤ ከምሰሶዎቹም በላይ እንደ ቤተ መንግሥት በር ያለ ቅስት ተዘርግቷል። ምሰሶው ጌጥ ነው፤ ነገር ግን የማቴዎስን ቍጥር ከማርቆስ ቍጥር የሚለየውም እርሱ ነው። ዓይን በምሰሶዎቹ መካከል ወደ ታች ይወርዳል፤ ደግሞም ከአንዱ ወደ ሌላው አግድም ይሻገራል። በቋንቋችን የቤቱም ምሰሶ የጽሕፈቱም ረድፍ ዓምድ መባሉን እዚህ ላይ ያስታውሷል። በጀት የሚያዘጋጅ የሒሳብ ሠራተኛ በገቢና በወጪ መካከል የሚያሰምረው ቀጭን መሥመር የዚያ ምሰሶ ታናሽ ወንድም ነው።

በሥዕሉም በኩል እንዲሁ ነው። ጻድቁ ሙሉ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ይመለከታል፤ ክፉው በአንድ ጐኑ ይሣላልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ታላቁ በማዕርጉ መጠን ገዝፎ፤ አገልጋዩ አንሶ ይቆማል። ይህን የእጅ ድካም አድርጎ የሚቈጥር ሰው ይሳሳታል፤ ማንበብ ለማይችለው ምእመን የተጻፈ ጽሕፈት ነውና።

ከ1973 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ጀምሮ በአዲስ አበባ በተቋቋመው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ድርጅት አማካይነት ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። ሥራው ታላቅ ነው፤ ብዙ ጽሑፍንም ከመጥፋት አድኗል። ይሁን እንጂ ፊልሙ በአብዛኛው ጥቍርና ነጭ ነበረ። መሥመሩ፤ ቅርጹና ኅዳጉ በፊልሙ ላይ እንዳሉ ናቸው፤ ቀዩ ግን ግራጫ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ጸሐፊው ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ እንዲታይ የፈለገው የእመቤታችን ስም በፊልሙ ላይ በአጠገቡ ካለው ከጥቍሩ ፊደል ይልቅ ደብዝዞ ይገኛል፤ እንደ ቀድሞው አድርጎ ሊያየው የሚሻ ሰውም ወደ ብራናው ራሱ ወይም በኋላ ዘመን በቀለም ወደ ተነሣው ፎቶግራፍ መመለስ አለበት።