በዝናብና በጭጋግ ለሚደረግ ጉዞ የተሽከርካሪ የፊት መብራት አምፖል አመራረጥ

ክረምት ሲገባ በርካታ አሽከርካሪዎች የተሽከርካሪያቸው መብራት የደከመ ይመስላቸዋል። በበጋ ሌሊት መንገዱን ወለል አድርጎ ያሳይ የነበረው መብራት፣ በሐምሌ ዝናብ አስፋልቱን የዋጠው ጥቁር ነገር ያለ ያስመስለዋል። በዚህ ጊዜ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ የበለጠ ኃይል ያለው ወይም ይበልጥ የነጣ አምፖል መግዛት ነው። ሐሳቡ ተፈጥሯዊ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱ ከታሰበው ተቃራኒ ይሆናል፤ ገዢው ራሱ የሚያየው ብዙም ሳይጨምር ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ያሳውራል። ይህ መረጃ የተዘጋጀው አምፖል ለመግዛት ወይም ለመለወጥ ያሰቡ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ምርጫቸውን በዕውቀት ላይ እንዲመሠርቱ ለማገዝ ነው።

ዝናብና ጭጋግ ብርሃንን ምን ያደርጉታል?

ደረቅ አስፋልት ሸካራ ነው። የመብራቱ ጨረር ሲያርፍበት በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ከተበተነው ውስጥ የተወሰነው ተመልሶ ወደ አሽከርካሪው ዓይን ስለሚመጣ መንገዱ ይታያል። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው በሸካራው ወለል ላይ ተነጥፎ እንደ መስታወት ያደርገዋል። ያን ጊዜ ጨረሩ ወደ ኋላ ከመመለስ ይልቅ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ መንገዱ ለባለመብራቱ ሲጨልም፣ ከፊት ለሚመጣው ግን ከላይም ከታችም ብርሃን ይበዛበታል። ስለዚህ በዝናብ ጊዜ መብራቱ የደከመ የሚመስለው አምፖሉ ስለ ደከመ ላይሆን ይችላል። የአምፖሉን ዋት መጨመርም ይህን ሁኔታ አይለውጠውም።

ጭጋግ ሌላ ጠባይ አለው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ጣርማ በርን ያለፈ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ከገደሉ ሥር ወደ ላይ የሚወጣው እርጥብ አየር እየቀዘቀዘ መንገዱን በደመና ይሸፍነዋል። ጭጋግ ማለት በአየር ላይ የተንሳፈፉ እጅግ ጥቃቅን የውኃ ጠብታዎች ክምችት ነው፤ እያንዳንዱ ጠብታ የደረሰውን ብርሃን በከፊል ወደ መጣበት ይመልሳል። ረጅሙ መብራት ሲበራ ጨረሩ በአሽከርካሪው የዓይን መስመር ላይ ያሉትን ጠብታዎች ሁሉ ስለሚያበራቸው ከመኪናው ፊት ነጭ ግድግዳ የቆመ ይመስላል። አጭሩ መብራት ግን ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ የሚመልሰው ብርሃን አነስተኛ ነው። በጭጋግ ውስጥ ዋናው ነገር የብርሃኑ ብዛት ሳይሆን ያለበት ከፍታና ቅርጽ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው። የአምፖል ምርጫም በዚሁ ይመዘናል፤ ጥሩ አምፖል የሚባለው ብርሃኑን በታሰበለት ቦታ የሚያሳርፍ ነው።

ቢጫ ብርሃን ጭጋግን ሰንጥቆ ያልፋል የሚለው አባባል በሰፊው ይሰማል። ፈረንሳይ ከ1930ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ እስከ 1993 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ድረስ ተሽከርካሪዎች ቢጫ የፊት መብራት እንዲጠቀሙ ታስገድድ ነበር። ይሁን እንጂ የጭጋግ ጠብታዎች ከብርሃን ሞገድ ርዝመት ጋር ሲነጻጸሩ በጣም ትልልቅ በመሆናቸው ቢጫውንም፣ ነጩንም፣ ሰማያዊውንም ከሞላ ጎደል እኩል ይበትኑታል። የቢጫው ጥቅም ለዓይን የሚለሰልስ መሆኑ ነው። ሰማያዊ ያዘለ ብርሃን በአንጻሩ በእርጥብ አየር ውስጥ ዓይንን ይበልጥ ያጭበረብራል፤ ስለሆነም ለክረምት ጉዞ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ ሞቅ ያለው ቀለም ይሻላል።

ከተሽከርካሪው ጋር የሚስማማውን አምፖል መለየት

አምፖል ከመግዛት በፊት ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው፤ የአምፖሉ ዓይነት፣ ቮልቱና ዋቱ። ሦስቱም በአሮጌው አምፖል መቀመጫ ላይ ተጽፈው ይገኛሉ፤ በተሽከርካሪው መመሪያ መጽሐፍም ይሰፍራሉ። ኤች 4 የሚባለው ዓይነት በአንድ አምፖል ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ክሮች አሉት፤ አንዱ ለአጭር ሌላው ለረጅም መብራት ያገለግላል። ኤች 7 ግን አንድ ክር ብቻ ስላለው ለአጭሩና ለረጅሙ የተለያዩ አምፖሎች ያስፈልጋሉ። በ12 ቮልት የሚሠራው ኤች 4 ለረጅሙ 60፣ ለአጭሩ 55 ዋት ሲሆን የ24 ቮልቱ 75 እና 70 ዋት ነው። ኤች 7 በ12 ቮልት 55፣ በ24 ቮልት 70 ዋት ይወስዳል። የቤት መኪናዎችና ሚኒባሶች 12 ቮልት፣ የጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች በብዛት 24 ቮልት ናቸው። የ12 ቮልት አምፖል በ24 ቮልት መኪና ላይ ቢታሰር ወዲያው ይቃጠላል፤ የ24 ቮልቱ በ12 ላይ ቢታሰር ደግሞ ቀላ ብሎ ደብዝዞ ይቀራል።

ከተፈቀደው ዋት በላይ የሆኑ፣ ለምሳሌ 100 እና 90 ዋት የተጻፈባቸው አምፖሎች በገበያ ላይ ይገኛሉ። በ12 ቮልት 60 ዋት ያለው አምፖል 5 አምፔር ያህል ሲስብ የ100 ዋቱ ከ8 አምፔር በላይ ይስባል። የተሽከርካሪው ሽቦ፣ ማብሪያና ሶኬት ለዚህ አልተሠሩም፤ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ከአምፖሉ ጀርባ ያለው አንፀባራቂ ሳህን ይጠቁራል፣ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው አምፖል ቢመለስ እንኳ የቀድሞውን ብርሃን አይሰጥም። በሽቦ መጋል ምክንያት እሳት ሊነሳ የሚችልበት ዕድልም አለ።

መስታወታቸው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ሃሎጅን አምፖሎች ዘመናዊ መልክ ቢሰጡም፣ ነጭ መስለው የሚታዩት ቀለሙ ከብርሃኑ ላይ ቢጫውንና ቀዩን ስለሚያስቀርባቸው ነው። ይኸውም ገንዘብ ከፍሎ ብርሃን መቀነስ ማለት ነው። «መቶ በመቶ ተጨማሪ ብርሃን» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ታዋቂ አምፖሎች ከእነዚህ ይለያሉ፤ ክራቸው በጥንቃቄ የተሠራ በመሆኑ በጨረሩ መካከል ያለውን ብርሃን ያጠናክራሉ፣ ጠቅላላው ብርሃን ግን በማሸጊያው በተጻፈው መጠን አይጨምርም፤ ዕድሜያቸውም ከመደበኛው ያጥራል። ሌሊት በተራራማ መንገድ ለሚያዘወትር ሰው ጠቀሜታ ይኖራቸዋል፤ በከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ግን መደበኛው ይበቃል።

በሃሎጅን ቦታ የሚገባው ኤል ኢ ዲ

አሁን በብዛት ለጥያቄ የሚቀርበው ይህ ነው። ኤል ኢ ዲ በራሱ መጥፎ ብርሃን አይደለም፤ ከፋብሪካው በኤል ኢ ዲ የተሠራ መብራት ያላቸው ተሽከርካሪዎች፣ ወደ አገራችን እየገቡ ያሉትን በርካታ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ጨምሮ፣ ጥሩ ጨረር ይሰጣሉ። ችግሩ የሚፈጠረው ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ የኤል ኢ ዲ አምፖል ሲሰካ ነው። አንፀባራቂው ሳህን የተቀረጸው ብርሃኑ ከአንዲት ቀጭን ክር፣ ከአንድ በሚሊ ሜትር ከተለካ ቦታ እንደሚነሳ ታስቦ ነው። በኤች 4 ውስጥ ደግሞ ከአጭሩ መብራት ክር ሥር ትንሽ የብረት ጋሻ አለች፤ ወደ ላይ ሊወጣ የሚችለውን ብርሃን የምታግደው እርሷ ናት። የኤል ኢ ዲው ብርሃን የሚነሳው በሁለት ጎን ከተለጠፉ ጠፍጣፋ ነጥቦች በመሆኑ ቦታውም ቅርጹም አይገጥምም። ውጤቱ ከመኪናው አጠገብ በጣም የደመቀ፣ ርቆ ሲሄድ የሳሳ፣ ወደ ላይም የሚረጭ ብርሃን ነው። አሽከርካሪው ቅርቡ ስለ ደመቀለት የተሻሻለ ይመስለዋል፤ በጭጋግ ውስጥ ግን ወደ ላይ የተረጨው ብርሃን ያንኑ ነጭ ግድግዳ ይሠራበታል።

በጀርመን ከ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ አንዳንድ የኤል ኢ ዲ ምትክ አምፖሎች የተፈቀዱ ሲሆን፣ ፈቃዱ የተሰጠው በዝርዝር ለተጠቀሱና ለተፈተሹ የመኪና ሞዴሎች ብቻ ነው። ከዚህ የምንረዳው አንድ አምፖል ለአንድ መኪና ተስማማ ማለት ለሁሉም ይሆናል ማለት አለመሆኑን ነው። በሃሎጅን መብራት ውስጥ የሚገቡ የዜኖን አምፖሎችም በተመሳሳይ ምክንያት አይመከሩም።

በመብራቱ የፊት መስታወት ላይ ያሉትን ምልክቶች ማንበብ ይጠቅማል። በክብ ውስጥ የተጻፈው የላቲን «ኢ» ፊደልና ቁጥር መብራቱ በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንቦች መሠረት መፈተሹን ያሳያል። «ኤች» የሚለው ፊደል ለሃሎጅን፣ «ዲ» ደግሞ ለዜኖን የተሠራ መሆኑን ያመለክታል። ከመብራቱ ፊት ቆመው ሲመለከቱ ወደ ቀኝ ብቻ የሚያመለክት ቀስት ካለ፣ መብራቱ በግራ በኩል ለሚነዳባቸው አገሮች የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው መብራት በእኛ መንገድ ላይ ጨረሩን ከፍ የሚያደርገው በቀኝ ዳር ሳይሆን በግራ፣ ማለትም ከፊት በሚመጣው ሰው ዓይን ላይ ነው። ያገለገለ ሙሉ መብራት የሚገዙ ሰዎች ይህን ሳያዩ ገንዘብ ባይከፍሉ ይመረጣል። ይህን ጉድለት የትኛውም አምፖል አያርመውም።

አምፖሉ ጥፋተኛ የማይሆንበት ጊዜ

የሃሎጅን አምፖል በቮልት ለውጥ ላይ እጅግ ስስ ነው። ወደ አምፖሉ የሚደርሰው ቮልት በ5 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ ወደ 16 በመቶ፣ በ10 በመቶ ሲቀንስ ደግሞ ወደ 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ለዚህ ቅናሽ ምክንያት የሚሆነው ብዙውን ጊዜ የዛገ ሶኬት ወይም ወደ ቦዲው የሚታሰረው ኔጋቲቭ ሽቦ መላላት ነው። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራና መብራቱ በርቶ ሳለ በመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በሶኬቱ ላይ ያለውን ቮልት ማስለካት ተገቢ ነው። ከባትሪው ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ ቮልት በላይ ልዩነት ካለ መስተካከል ያለበት መስመሩ ነው።

ሌላው የመስታወቱ ሁኔታ ነው። የአብዛኞቹ መኪናዎች መሸፈኛ ፕላስቲክ ሲሆን በፀሐይ ብዛት ይቢጫል፣ ይደበዝዛልም። የደበዘዘ መሸፈኛ ራሱ እንደ ጭጋግ ብርሃንን ይበትናል። ማስወልወል ወይም መለወጥ ከአዲስ አምፖል የበለጠ ለውጥ ያመጣል። በጭቃ መንገድ ላይ ሲጓዙም ቆም ብሎ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል።

አገጣጠምና አቅጣጫ

አምፖል ሲለወጥ ሁለቱም ጎን አብረው ቢለወጡ ይመረጣል፤ አንዱ ከተቃጠለ የሌላውም ዕድሜ እየተገባደደ ነውና። የሃሎጅንን መስታወት በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ የእጅ ቅባት በጋለው መስታወት ላይ ተቃጥሎ አምፖሉን ያሰነጥቀዋል። አምፖሉ በመቀመጫው ላይ ያሉት ጥርሶች በትክክል ሳይገጥሙ ተገፍቶ ከገባ ክሩ ከቦታው ይዛነፋል።

ከለወጡ በኋላ አቅጣጫውን ማየት ያስፈልጋል። ተሽከርካሪውን በደልዳላ ቦታ ከግድግዳ 10 ሜትር አርቆ ማቆም፣ ጎማዎቹ ተገቢው ንፋስ እንዳላቸው ማረጋገጥ፣ ከዚያም አጭሩን መብራት ማብራት ነው። የአነስተኛ መኪና የብርሃን ጠርዝ ከመብራቱ መካከል ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መታየት፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ከፍ ማለት አለበት። ኋላው ላይ ጭነት ሲበዛ የመኪናው አፍንጫ ስለሚነሳ ጨረሩም አብሮ ይነሳል፤ በመሪው አካባቢ ከ0 እስከ 3 የተጻፈባት መዘውር ያላቸው መኪናዎች ጨረሩን በእርሷ ዝቅ ማድረግ ይችላሉ። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ለሚደረገው የቴክኒክ ምርመራ ሲቀርቡ የመብራቱን አቅጣጫ ውጤት ጠይቆ መረዳት ይጠቅማል።

የጭጋግ መብራት ያለው ተሽከርካሪ ከአጭሩ መብራት ጋር አብሮ ሊያበራው ይችላል፤ ዝቅ ብሎ ስለ ተተከለና ሰፊ ጨረር ስላለው የመንገዱን ዳርና መስመር ያሳያል፣ ሩቅ ግን አያሳይም። ቀዩ የኋላ የጭጋግ መብራት ጭጋጉ እንዳለፈ መጥፋት አለበት፤ አለበለዚያ ከፍሬን መብራት ጋር ይምታታል።

የትኛውም አምፖል ቢመረጥ ፍጥነት በሚታየው ርቀት ይወሰናል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በእያንዳንዱ ሴኮንድ 11 ሜትር ይሄዳል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ለመቆም ደግሞ ሌላ 15 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከ30 ሜትር በላይ በማይታይበት ጭጋግ 40 ኪሎ ሜትርም ይበዛል፤ ለተጫነ መኪና ደግሞ ከዚያም በታች መውረድ ይገባል።

በረጅም ጉዞ ላይ ትክክለኛው ዓይነት ትርፍ አምፖል ከነማሸጊያው በመኪናው ውስጥ ሊኖር ይገባል። የአንድ ጎን መብራት የጠፋበት መኪና ከሩቅ ሞተር ሳይክል ይመስላል። ትርፍ አምፖል ሳይያዝ የግራው ቢቃጠልና የሁለቱ ጎን አምፖል አንድ ዓይነት ከሆነ፣ የቀኙን አውጥቶ በግራ ማስገባት ይቻላል፤ ከፊት የሚመጣው ሰው የመኪናውን ትክክለኛ ወርድ የሚገምተው ለመንገዱ መካከል በቀረበው መብራት ነውና። ይህም ቢሆን በቅርብ ወደሚገኝ ከተማ በዝግታ ለመድረስ ብቻ ነው።