ከማዕበሉ በኋላ ባሕሩ ራሱ ምን ሆነ?

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አረፍ ብላችሁ አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ሱናሚ ሳስተምር እንደ ወትሮዬ የመሬት መንቀጥቀጡን መጠን፣ የማዕበሉን ከፍታ፣ የሟቹን ቁጥር ሰሌዳው ላይ ደረደርኩ። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ የሰዎቹን ነገሩን፤ ባሕሩ ራሱስ ምን ሆነ? ዓሣዎቹስ?» አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የምመልሰው አልነበረኝም። «ነገ እነግርሻለሁ» ብዬ አለፍኩ። ያ «ነገ» ብዙ ሳምንት ፈጀ። ይኸው መልሱ። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምወስዳችሁ ወደ ጃፓን ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ነው፤ ሳንሪኩ ይባላል። እዚያ ባሕሩ በተራሮች መሃል እንደ ጣት እየሾለከ ወደ የብስ ይገባል። በደህናው ቀን እነዚህ ጠባብ ሰላጤዎች ፀጥ ያሉ ናቸው፤ ከተራራ የሚወርደው ወንዝ ይመግባቸዋል፣ ለዓሣና ለኦይስተር የተመቹ ጓዳዎች ናቸው። (ኦይስተር በድንጋይ መሰል ቅርፊት ውስጥ የሚኖር፣ ውሃ እያጣራ የሚመገብ የባሕር እንስሳ ነው። እዚያ እንደ ከብት ይረባል፤ ባሕር ላይ ከተንሳፋፊ ርብራብ በገመድ ይንጠለጠላል።) ሱናሚ የመጣ ቀን ግን ያው ጥበታቸው ማዕበሉን ጨምቆ ወደ ላይ ያነሳዋል።

ስለዚህ የአካባቢው ታሪክ በሱናሚ የተከፋፈለ ነው። በ1896 ወደ 22,000 ሰው አለቀ። በ1933 ወደ 3,000። በ1960 የመጣው ደግሞ ከሩቅ ነበር፦ ደቡብ አሜሪካ፣ ቺሊ ውስጥ፣ ቫልዲቪያ አካባቢ፣ በመሣሪያ ከተለካው ሁሉ ትልቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሣ፤ መጠኑ 9.5። ማዕበሉ ሰላማዊ ውቅያኖስን አቋርጦ፣ አንድ ቀን ገደማ ተጉዞ ጃፓን ደረሰና 142 ሰው ገደለ። ከእነዚህ 41ዱ ሺዙጋዋ የምትባል የአንዲት ትንሽ ከተማ ሰዎች ነበሩ። ሺዙጋዋንም ቫልዲቪያንም ያዙልኝ፤ ወደ ሁለቱም እንመለሳለን።

ሺዙጋዋ ተመልሳ ተሠራች፤ የኦይስተር እርባታውም እየሰፋ ሄደ። ምርቱ ሲቀንስ ሰዉ ተጨማሪ ርብራብ ያስገባል፤ ርብራቡ ሲበዛ ኦይስተሩ የሚበላው ያጣል፤ ሲከሳ ደግሞ ሌላ ርብራብ ይጨመራል። በሰላጤው ውስጥ ቶኩራ በምትባለው ሠፈር ብቻ ከ1,000 በላይ ርብራብ ተጨናንቆ ነበር። አንድ ኦይስተር ለገበያ እስኪደርስ 2 እና 3 ዓመት ይፈጅ ጀመር። የእንስሳቱ ኩስ ደግሞ ወደ ታች እየወረደ ወለሉን ጥቁር ጭቃ አለበሰው። ይህን ሁሉ ያመጣው ማዕበል አልነበረም። ከላይ ሲያዩት ውሃው ሰማያዊ ነው፣ ማን ልብ ይላል?

መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. (ማርች 11 ቀን 2011) ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ላይ መሬቱ በ9.0 መጠን ተናጠ። ሺዙጋዋ ያለችበት የሚናሚሳንሪኩ ከተማ ከ800 በላይ ሰው አጣ። በዚያ ሀዘን መሃል ስለ ሰላጤው መጠየቅ የሚከብድ ይመስላል። ግን የተረፈው ሰው የሚበላው ከዚያው ሰላጤ ነው።

ታዲያ ባሕሩ ምን ሆነ? በመጀመሪያ ተጎዳ፣ ክፉኛ ተጎዳ። ርብራቦቹ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተጠርገው ጠፉ። ትናንሽ ዓሦች የሚደበቁበትና የሚያድጉበት የባሕር ሣር ከነሥሩ ተነቀለ። ጎረቤት በሆነው በኬሴኑማ ሰላጤ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ታንኮች ተገልብጠው ዘይቱ ውሃው ላይ ሲነድ አደረ። በዚያ ላይ በብዙ ቦታ ጠረፉ ራሱ ከግማሽ ሜትር በላይ ወደ ታች ሰመጠ። ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጠውና ወፎች የሚለቅሙበት ጭቃማ ዳርቻ ውሃ ውስጥ ቀረ።

ኬሴኑማ ውስጥ ሞኡኔ በሚባል ትንሽ ሰላጤ ሐታኬያማ ሺጌአትሱ የሚባሉ ኦይስተር አርቢ ነበሩ። እናታቸውን ያጡት በዚያው ሱናሚ ነው። እኚህ ሰው በጃፓን የታወቁት ገና ከማዕበሉ በፊት ነበር፤ ባሕሩ ተበክሎ ቀልቶ፣ የኦይስተሩ ሥጋ ሳይቀር ቀይ ሲሆን አይተው፣ ከ1989 ጀምሮ ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ወንዙ ወደሚነሳበት ተራራ እየወጡ ዛፍ ይተክሉ ነበር። የባሕር ሰው ተራራ ላይ ምን ያደርጋል? የቅጠሉ ብስባሽ ብረትና ሌላ ምግብ ለወንዙ ይሰጣል፤ ወንዙ ወደ ሰላጤው ያደርሰዋል፤ በዓይን የማይታዩት የባሕር ዕፅዋት እሱን ይመገባሉ፤ እነሱን ደግሞ ኦይስተር።

ከሱናሚው በኋላ የሞኡኔ ውሃ ፀጥ አለ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ጠፋ። ሐታኬያማም ባሕሩ የሞተ መስሏቸው ነበር። ጥቂት ሳምንታት አልፈው ትናንሽ ዓሦች ታዩ። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጥተው ውሃውን ሲመረምሩ የኦይስተሩ ምግብ ሞልቷል። ተራራው፣ ደኑ፣ ወንዙ በቦታቸው ስለነበሩ ለባሕሩ የሚመጣለት ስንቅ አልተቋረጠም። በሰመጠው መሬት ላይም ሌላ ነገር ሆነ፤ ድሮ ተደልድሎ እርሻ የተደረገው ቦታ ጨዋማ ረግረግ ሆኖ ተመለሰ፣ የባሕር ዛጎሎችም ገቡበት።

ቶኩራስ? ማዕበሉ ርብራቡን ሲወስድ ወለሉ ላይ የተከማቸውንም ጭቃ ጠርጎ ነበር። አርቢዎቹ ተሰብስበው ከባድ ክርክር ገጠሙ። ሁሉን ያጣ ሰው «ከድሮህ ሲሶውን ብቻ አርባ» ሲባል አስቡት! በመጨረሻ ተስማሙ፤ ርብራቡን ወደ አንድ ሦስተኛ ቀንሰው አራራቁት። ኦይስተሩ በአንድ ዓመት ለገበያ ደረሰ። በ2016 ኃላፊነት ለተሞላበት የባሕር እርባታ የሚሰጠውን ኤ.ኤስ.ሲ. የተባለ ዓለም አቀፍ ማረጋገጫ ከጃፓን መጀመሪያ ያገኙት እነሱ ናቸው። በ2018 ደግሞ የሺዙጋዋ ሰላጤ በራምሳር የረግረግ መሬቶች ስምምነት መዝገብ ገባ።

አሁን ወደ ቫልዲቪያ እንመለስ። የ1960ው መንቀጥቀጥ እዚያም መሬቱን እስከ 2 ሜትር አስምጦ በክሩሴስ ወንዝ ዳር የነበረውን እርሻና ግጦሽ ውሃ ዋጠው። ገበሬው መሬቱን አጣ። ውሎ አድሮ ቦታው የውሃ ውስጥ ሣር የሞላበት ረግረግ ሆነና አንገተ ጥቁር ስዋን የሚባሉ ዝይ መሰል ወፎች በሺህ እየሆኑ ሰፈሩበት። በ1981 በራምሳር ተመዘገበ። በ2004 ከወንዙ በላይ የወረቀት ጥሬ ዕቃ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ዓመት ሳይሞላ ሣሩ ጠፋ፣ ወፎቹ ከፊሉ ሞቱ፣ የቀሩት ተሰደዱ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2013 ፋብሪካው ጥፋተኛ ተባለ። በዓለም ትልቁ መንቀጥቀጥ የፈጠረውን ረግረግ አንድ ፋብሪካ በወራት ውስጥ አራቆተው።

ጃፓን ከ2011 በኋላ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባሕር ግንብ አቀደች። የሰው ሕይወት ጉዳይ ነውና አልፈርድም፤ ልጁን ማዕበል የወሰደበት ሰው ግንብ ቢፈልግ ማን ይቃወመዋል? ግን ግንቡ ባሕሩ ከየብስ የሚገናኝበትን ዳርቻ ይዘጋል፤ ሕይወት የሚበዛው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። የሞኡኔ ነዋሪዎች የታቀደላቸው ግንብ 9.9 ሜትር ነበር። ተመካክረው «ቤታችንን ከፍታ ላይ እንሠራለን፣ ግንቡ ይቅርብን» አሉ፤ ቀረላቸው። ረግረጉም ዳነ።

እንግዲህ ለተማሪዬ ያልኩት ይህን ነው፦ ሱናሚ ሰላጤን ይመታል፣ ይገለብጣል፤ ነገር ግን ሰላጤው ይህን ለሺህ ዓመታት ያውቀዋል፤ ደኑና ወንዙ ካሉለት ይመለሳል። የማይለምደው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚጨመርበትን የእኛን ሸክም ነው። ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ቲቸር፣ እነዚያ አርቢዎች ያንን ለማወቅ የግድ ሱናሚ መምጣት ነበረበት?» አለችኝ።

አሁንም ያልመለስኩት ጥያቄ አለብኝ ማለት ነው። እናንተ ምን ትሏታላችሁ? ከታች ጻፉልኝ፤ ሰኞ ክፍል ውስጥ አነብላታለሁ።