እንባ አዘል ኮሜዲ፦ «ድራሜዲ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

«የሚያስቅ ተከታታይ ፊልም ጠቁመኝ፤ ግን ዝም ብሎ የሚያስቅ ብቻ አይሁን፣ ሆድም የሚያባባ ይሁን።» እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚፈልገውን ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ የቸገረው ስሙ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ድራሜዲ» ይሉታል። ድራማና ኮሜዲ የሚሉትን ቃላት አጣብቀው ያወጡለት ስም ሲሆን፣ በአሜሪካ የቴሌቪዥን ሰዎች ዘንድ በሰፊው የተለመደው በ1980ዎቹ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአማርኛ «እንባ አዘል ኮሜዲ» ብንለው ይስማማል ባይ ነኝ።

ድራሜዲን እንዳለ ለምን አንወስደውም? ኮሜዲ የሚለውን ቃል ለመቀበል አልተቸገርንም። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ትያትር፣ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»፣ ገና ከርእሱ ቃሉን ይዞ ነው የመጣው። ድራማም ቤተኛ ከሆነ ቆይቷል። ድራሜዲ ግን ሁለቱን ቃላት ቆራርጦ ስለሚሰፋቸው ለሰሚው ፍንጭ አይሰጥም፤ የመድኃኒት ስም ነው የሚመስለው። «አሳዛኝ ኮሜዲ» እንዳንል ደግሞ ትርጉሙ ይገለበጥብናል፤ አሳዛኝ ኮሜዲ ሲባል ወደ አእምሮ የሚመጣው ማሳቅ ያቃተው ኮሜዲ ነው። የዚያ ዓይነቱ ሞልቶ ተርፏል፤ ስምም አያስፈልገውም።

«አዘል» ግን ሥራውን የሚያውቅ ቃል ነው። ቁም ነገር አዘል ቀልድ፣ ስላቅ አዘል ንግግር፣ ማስጠንቀቂያ አዘል ደብዳቤ እንላለን። ዋናው ነገር ራሱን እንደሆነ ሌላ ነገር ተሸክሞ ሲመጣ የምንጠቀምበት አነጋገር ነው። እንባ አዘል ኮሜዲም ከሁሉ በፊት ኮሜዲ ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው ድራሜዲን ግማሽ ቀልድ፣ ግማሽ ሐዘን አድርጎ ያስበዋል፤ እንዲያ ተብለው የተሠሩ ፊልሞችም አብዛኛውን ጊዜ አያስቁም፣ አያስለቅሱምም። ደህናዎቹ በመጀመሪያ ከልባቸው ያስቃሉ። ሳቁ ከገጸ ባሕርዩ ጋር ያዛምደናል፤ ዝምድናው ከጸና በኋላ በሰውየው ላይ አንድ ነገር ሲደርስ በእኛ ላይ የደረሰ ያህል ይሰማናል። እንባው የሚመጣው በሳቁ በኩል ነው።

ይህን ከማንም አስቀድሞ በቴሌቪዥን ያሳየው «ማሽ» ይመስለኛል። የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲቢኤስ ከ1972 እስከ 1983 ያሳየው ሲሆን፣ ታሪኩ የሚካሄደው በኮርያ ጦርነት ወቅት በአንድ የአሜሪካ ጦር ተንቀሳቃሽ የቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ውስጥ ነው። የኮርያው ጦርነት ሦስት ዓመት ፈጀ፤ ኮሜዲው አሥራ አንድ። ሐኪሞቹ ቀኑን ሙሉ ቁስለኛ ሲሰፉ ውለው ማታ ድንኳናቸው ውስጥ መጠጥ እየጠመቁ ይቀልዳሉ፤ ካልቀለዱ ያብዳሉ። አዛዣቸው ሌተናል ኮሎኔል ሄንሪ ብሌክ ለአዛዥነት የማይሆን፣ የሚምታታበት፣ ግን ደግ ሰው ነው። በእሱ ላይ ሦስት ሲዝን ተሳቀ። ከዚያ ተዋናዩ ማክሊን ስቲቨንሰን ሥራውን ለመልቀቅ ወሰነ።

በጊዜው አንድ ተዋናይ ከኮሜዲ ሲለቅ ገጸ ባሕርዩ ሌላ ከተማ ይዛወራል፣ ወይም ያገባል፣ አለዚያም ተሰናብቶ ይሄዳል፤ በቃ። በመጋቢት 1975 የታየው የሦስተኛው ሲዝን መጨረሻም እንዲሁ ነበር የሚመስለው። ሄንሪ አገልግሎቱን ጨርሷል፣ ወደ ቤቱ ሊመለስ ነው። ግብዣ ተደረገለት፣ አዲስ ሙሉ ልብስ ለበሰ፣ ተሰነባበተ፣ ራዳር የሚሉትን ወጣት ጸሐፊውን አቅፎ ሄደ። ክፍሉ እዚያ ላይ ቢያበቃ ማንም ቅር አይለውም ነበር። ግን አንድ ትዕይንት ቀርቷል። ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሐኪሞቹ አፋቸውን ሸፍነው ሥራ ላይ ናቸው። ራዳር ወረቀት ይዞ ገባ፤ የሄንሪ አውሮፕላን በጃፓን ባሕር ላይ ተመትቶ ወድቋል፣ የተረፈ ሰው የለም ብሎ አነበበ። ማንም እጁን አላቆመም፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ቁስለኛ ይጠብቃልና። ከጀርባ አንድ የብረት መሣሪያ መሬት ላይ ወድቆ ሲጮህ ይሰማል። እሱ በድርሰቱ ውስጥ አልነበረም፤ በቀረጻው ጊዜ ሳይታሰብ የወደቀ ነው፤ አዘጋጆቹም ተዉት። ያቺን የመጨረሻ ገጽ ተዋናዮቹ ያዩዋት ሊቀረጽ ጥቂት ሲቀረው ነበር፤ አስቀድሞ የሚያውቀው ከመካከላቸው አለን አልዳ ብቻ ነው።

ተመልካቹ ተቆጣ፤ ደብዳቤ ጎረፈ። ኮሜዲ ብለን በከፈትነው ፊልም ውስጥ ሰው እንዴት ትገድሉብናላችሁ ነው ነገሩ። የአዘጋጆቹ መልስ ጦርነት ላይ ሁሉም ወደ ቤቱ አይመለስም የሚል ነበር። የዚህ ክፍል ርእስ ለእኛ ጆሮ የተለየ ነው፦ «አቢሲኒያ፣ ሄንሪ»። ከኢትዮጵያ ጋር ግን የሚያገናኘው የለም። በእንግሊዝኛ «እንገናኛለን» የሚለው አባባል ፈጠን ተደርጎ ሲነገር «አቢሲኒያ» የሚል ድምፅ ስለሚሰጥ፣ የቆየ የስንብት ቀልድ ነው። ሆኖም በዚያው በእውነተኛው ጦርነት የእኛ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ1951 ጀምሮ ከአሜሪካው ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋግተዋል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑትም እዚያው ወድቀዋል። ሳላስበው አልቀርም፣ ርእሱን ባየሁ ቁጥር።

ማሽ ሌላም ነገር አስተምሯል። ቴሌቪዥን ጣቢያው የተቀዳ የሳቅ ድምፅ ካልገባ አለ፤ አዘጋጆቹ አልፈለጉም፤ በመጨረሻ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሳቅ እንዳይገባ ተስማሙ። ብሪታንያ ውስጥ ቢቢሲ ያሳየው ጭራሹን ያለ ሳቅ ድምፅ ነበር። የሳቅ ድምፅ ሲጠፋ ተመልካቹ ምን እንደሚሰማው የሚነግረው ሰው ያጣል፤ ራሱ መወሰን አለበት።

የስቱዲዮ ተመልካች ሳቅ ባለበት ፊልም ውስጥ ደግሞ ዝምታው ራሱ ይሰማል። «ዘ ፍሬሽ ፕሪንስ ኦቭ ቤል ኤር»ን ብዙዎቻችን በዊል ስሚዝ ቀልድና ውዝዋዜ ነው የምናስታውሰው። በግንቦት 1994 በታየው አንድ ክፍል ግን ከአሥር ዓመት በላይ የጠፋው አባቱ ይመጣል። ዊል በደስታ አበደ፤ ክረምቱን አብረን በመኪና እንዞራለን ተባብለው ሻንጣውን ሁሉ አዘጋጀ። አባትየው ሰበብ ደርድሮ ሄደ። ዊል መጀመሪያ ግድ የለም ብሎ ሊቀልድ ይሞክራል፤ ቀልዱ ግን ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ያለ እሱ ኳስ መጫወት ተማርኩ፣ ያለ እሱ መኪና መንዳት ተማርኩ እያለ ይቆጣና፣ በመጨረሻ ለምን አልፈለገኝም ብሎ አጎቱ ፊል ደረት ላይ ይወድቃል። ካሜራው ከእነሱ ወርዶ ለአባቱ ገዝቶት የነበረው ስጦታ ላይ ያርፋል፦ አባት ልጁን ያቀፈበት ትንሽ ቅርጽ። እዚህ ጋ ቁጣው ለምን እንደዚያ እንደሚመታ ልብ በሉ። አራት ሲዝን ሙሉ ነገርን ሁሉ በቀልድ ሲያመልጥ ያየነው ልጅ ነው፤ ማምለጫው ሲዘጋበት ነው የምናለቅሰው።

እንግሊዞቹ በዚህ ሙያ የተካኑ ናቸው። እኛ በሚስተር ቢን የምናውቀው ሮዋን አትኪንሰን ከዚያ በፊት የሠራው «ብላክአደር» አራተኛ ሲዝኑ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ነው። ካፒቴን ብላክአደር ከምሽጉ ላለመውጣት በየክፍሉ አንድ ሰበብ ይፈጥራል፤ ባልድሪክ የሚባለው አገልጋዩ ደግሞ ሁልጊዜ የሞኝ ዘዴ ይዞ ይመጣል። በኅዳር 1989 በታየው የመጨረሻ ክፍል ሰበቡ አለቀ። ባልድሪክ ለመጨረሻ ጊዜ ዘዴ አለኝ ሲል ብላክአደር በእርጋታ ሌላ ጊዜ ይሁን ብሎት፣ ሁሉም ወደ ጥይቱ ወጡ። የተቀረጸው ሩጫ አላማረም ነበር፤ አዘጋጆቹ ምስሉን በጣም አዘግይተው ሰዎቹ እየደበዘዙ በቀይ አበባ መስክ እንዲተኩ አደረጉ። ክፍሉ እዚያው ያበቃል።

«ዴሪ ገርልስ» ከዚህ ሁሉ ቀለል ይላል። በ1990ዎቹ ሰሜን አየርላንድ፣ በፍንዳታና በኬላ መካከል ያደጉ ተማሪ ልጃገረዶች ታሪክ ነው። ወላጆቹ ፍንዳታውን እንደ መንገድ መዝጊያ ብቻ ነው የሚቆጥሩት። አያትየው ጆ አማቹን ጄሪን በየክፍሉ ያለ ምሕረት ይሰድበዋል፤ ከትልልቆቹ ቀልዶች አንዱ ይሄው ነው። የመጀመሪያው ሲዝን ሲያልቅ ልጆቹ ትምህርት ቤት መድረክ ላይ ጓደኛቸው እንዳይሳቅባት አብረዋት ይጨፍራሉ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ቤተሰቡ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ ሰዎች ስላለቁበት ፍንዳታ ይሰማል። ጆ ምንም ሳይናገር እጁን ጄሪ ትከሻ ላይ ያሳርፋል። ስድስት ክፍል ሙሉ የተሰደበ ትከሻ ባይሆን ኖሮ ያ እጅ ምንም አይልም ነበር።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሮማዊው ጸሐፌ ተውኔት ፕላውቱስ አማልክትንና ባሪያን በአንድ መድረክ ስላቀላቀለ ለሥራው «ትራጂኮሜዲ» የሚል ስም ለማውጣት ተገዷል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ኒቬል ደ ላ ሾሴ የጻፋቸው ትያትሮች «እንባማ ኮሜዲ» ተብለው ነበር፤ ግን ሳቅ እምብዛም የለባቸውም፣ ኮሜዲ የተባሉት መጨረሻቸው ስለሚያምር ነው። ስለዚህ ከእንባ አዘል ኮሜዲ ጋር የስም ዝምድና እንጂ የሥራ ዝምድና የላቸውም። ቻርሊ ቻፕሊን በ1921 «ዘ ኪድ»ን ለእይታ ሲያበቃ ነበር ሳቅና እንባ በትክክል የተገናኙት።

የሁለቱ መቀላቀል ችግር የሚፈጥረው ሽልማት ላይ ነው። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ሽልማት የኤሚ ሰዎች ምድቡን ከመለየት ደክመው በ2015 በሰዓት ለክተውት ነበር፦ ሠላሳ ደቂቃና ከዚያ በታች ኮሜዲ፣ ከዚያ በላይ ድራማ፣ አልስማማም ያለ ደግሞ ያመልክት። በዚህ ምክንያት ተዋናይቷ ኡዞ አዱባ «ኦሬንጅ ኢዝ ዘ ኒው ብላክ» ላይ በተጫወተችው አንድ ገጸ ባሕርይ በ2014 በኮሜዲ፣ በ2015 በድራማ ተሸለመች። «ዘ ቤር» የተባለው የምግብ ቤት ታሪክ በምርጥ ኮሜዲነት ሲሸለም ደግሞ፣ የሚያስቀው የቱ ጋ ነው የሚል ክርክር ተነሣ። በእኔ ሚዛን ዘ ቤር ቀልድ አዘል ድራማ ነው። ጥሩ ነው፤ ግን የሌላ ጎራ ነው።

ለእኛ ሰው ነገሩ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወተ፣ የሟቹን ቀልድ እየተረከ ሐዘንተኛውን የሚያስቅ ሰው በየሰፈሩ አለ። እንደ «ቤቶች» ያሉ ሲትኮሞችም ቤተሰቡን በሳቅ አላምደውናል። ከዚያ አንድ እርምጃ ቀርቷል፤ ደራሲዎቻችን ቀልዱን ሳያቋርጡ አንድ ጊዜ ቢጨክኑብን እወዳለሁ።

እስከዚያው መጀመር ለምትፈልጉ፦ ከቤተሰብ ጋር ከሆነ ፍሬሽ ፕሪንስን ክፈቱ፣ ግን ያን ክፍል ለብቻው አትዩት፤ ከሲዝኑ መጀመሪያ ተነሡ። ጦርነት የማይከብዳችሁ ብላክአደር አራተኛውን እዩ፤ ስድስት ክፍል ብቻ ነው። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ብዙዎች የሪኪ ጀርቬስን «አፍተር ላይፍ» ይጠቁማሉ። ሚስቱ በካንሰር የሞተችበት የትንሽ ከተማ ጋዜጠኛ ታሪክ ነው፤ ሰውየውን በሕይወት ያቆየው ነገር ቢኖር የሚርበው ውሻው ነው፤ መቃብር ቦታ አግዳሚ ወንበር ላይ ባሏን ካጣች ሴት ጋር የሚያወጋቸው ወጎች ከቀሪው ሁሉ ይበልጣሉ። እኔ ግን ሐዘኑ ትንሽ በረድ እስኪል ጠብቁ እላለሁ፤ ራስን ስለማጥፋት በግልጽ ስለሚያወራ ለትኩስ ቁስል ይከብዳል። ስድቡም ብዙ ነው፤ ከእናታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አትክፈቱት።