ትዕቢት የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ወገኖቼ፣ እዚህ መጠለያ ውስጥ «አገር ቤት አስተማሪ ነበርኩ» ያለ ሰው ወዲያው ትዕቢተኛ ይባላል። እስቲ ቃሉን እንየው። ሥሩ የግዕዙ «ዐብየ» ነው፤ ትልቅ ሆነ ማለት ነው። ዐቢይ ጾም፣ ዐበይት በዓላት የምንለውም ከዚሁ ነው። ትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ልጅ ሲያድግ «ዓብዩ» ይላሉ፤ እኛ ድምፁን ያጣነውን «ዐ» እነሱ ዛሬም ከጉሮሮ ያወጡታል። (ተማሪዎቼ «ትእቢት» ብለው ሲጽፉ የማልቆጣው ለዚህ ነው።) ነውሩ የገባው በ«ተ» ነው፦ «ተዐበየ»፣ ራሱን ከፍ ከፍ አደረገ። የአማርኛው «ታበየ» ከዚሁ ወገን ነው። ተምሮ ተማርኩ ማለት እዚህ ውስጥ የለበትም። ስለዚህ የምዝገባ ቅጽ ሲመጣ ዲግሪ ያላችሁ፣ ሰው ምን ይለኛል ብላችሁ «ማንበብና መጻፍ» ብቻ ብላችሁ አትሙሉ።